ቴምዝ የሀብታም ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ ወንድማችን ስለ አውሮፓ ኑሮ ሲጽፉ በመሃል ባለ ሸራ ጀልባን አንስተው «የሥራ ፈት ሀብታም ጨዋታ» ብለው አለፉት። ሌላው ጽሑፋቸው ጥሩ ነው። በዚህች ግን አልስማማም። እኔ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ሀብታም አይደለሁም፣ ሥራም አልፈታሁም። ግን በዓመት ፈቃዴ ከኦክስፎርድ ተነስቼ የቴምዝን ወንዝ በትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ እስከ ባሕሩ አፍ ድረስ ወርጄዋለሁ፣ እና እዚህ አገር ለሚኖር ሐበሻ ከዚህ የተሻለ የፈቃድ አጠቃቀም አለ ብላችሁ አታሳምኑኝም።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ውሃ ማለት ለእኔ ጄሪካን ነበር፣ እሱም ፈረቃችን ደርሶ ቧንቧው ከመጣ። ስለዚህ ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ባልደረባዬ «ጀልባዬን ወደ ታች ማውረድ አለብኝ፣ ገመድ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ» ሲለኝ እሺ ያልኩት ገመድ መያዝ ምን ይከብዳል ብዬ ነው። ጀልባዋ ስድስት ሜትር ገደማ ናት። ምሰሶዋ ከሥሩ በማጠፊያ የተያዘ ስለሆነ ድልድይ ሲመጣ ይተኛል። ከሆዷ ሥር ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ክንፎች አሏት፣ ውሃው ሲጎድል በነሱ ላይ ጭቃው ላይ ትቆማለች። ከኋላዋ ደግሞ ትንሽ ሞተር ተንጠልጥላለች። ስለ ሞተሯ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ በወንዙ ላይ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉትን ሎኮች ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ ያያቸዋል እንጂ ምን እንደሚሠሩ አይጠይቅም። ቴምዝ 346 ኪሎ ሜትር ነው የሚረዝመው። በተፈጥሮው ቢተው ኖሮ አንዳንዱ ቦታ እግር የማያረጥብ፣ ሌላው ቦታ ጀልባ የሚገለብጥ ይሆን ነበር። ስለዚህ ወንዙን በአጫጭር ግድቦች እንደ ደረጃ ከፋፈሉት። በየግድቡ ጎን ሎክ አለ፣ በጠቅላላው 45 ናቸው። ሎክ ማለት ፊትና ኋላው በር ያለው የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ክፍል ነው። ከላይ ስትመጡ ክፍሉ እስከ አፉ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ትገባላችሁ፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ሞተር ታጠፋላችሁ፣ ከዚያ ከታችኛው በር ሥር ያሉት ትናንሽ መስኮቶች ተከፍተው ውሃው ወደ ታች ይወጣል። ፓምፕ የለም። ሁሉንም የሚሠራው የውሃው ክብደት ነው። ሁለቱ የበር ክንፎች ሲገጥሙ ሹል ሆነው ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ነው የሚያዩት፣ ስለዚህ ውሃው በገፋቸው ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃሉ። መቶ ሰው ቢገፋው አይከፈትም። ሁለቱ ወገን ውሃ ሲስተካከል ግን አንድ ሰው ይከፍተዋል።

የኔ ሥራ ገመዱ ነበር። ገመዱ ዳር ላይ ባለው የብረት ጉቶ ዙሪያ ይዞርና ጫፉ በእጅ ይያዛል። ማሰር ክልክል ነው። ቋጥራችሁት ውሃው ከሥራችሁ ሲወርድ ጀልባዋ በገመዷ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ከዚያ የምትሄድበትን እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ጀልባዋ ስትወርድ ገመዱን ቀስ እያላችሁ ትለቃላችሁ። እርጥብ ግድግዳ ቀስ በቀስ ከጎናችሁ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ላይ ሆነው አይስክሬም ሲበሉ የሚያዩዋችሁ ልጆች ትንሽ እየሆኑ ይሄዳሉ። ሎክ ጠባቂዎቹ ደጎች ናቸው። ወሬ ይወዳሉ። ከየት ነህ ሲሉኝ ኢትዮጵያ ስላቸው አንዱ ስለ አባይ ጠየቀኝ፣ እኔም ያልተጠየቅኩትን ሁሉ ነገርኩት፣ ከኋላችን የቆመው ጀልባ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1630ዎቹ ኦክስፎርድ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት በር ሎኮች ከመሠራታቸው በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ግድቡ መሃል የሚነሳ ክፍል ነበረው። እሱን ያነሱና የተጠራቀመው ውሃ ሲደረመስ ጀልባው አብሮ ይወረወራል። ሽቅብ የሚሄደው ደግሞ በገመድ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ሰው ይሞት ነበር። ወፍጮ ቤቱም ውሃዬን አትልቀቁብኝ ይላል፣ ጀልባው አሳልፉኝ ይላል፣ ጠቡ ለዘመናት ቆይቷል። ከዊንዘር ትንሽ ወረድ ብሎ ራኒሚድ የሚባለው መስክ አለ፣ በ1215 ንጉሥ ጆን ማግና ካርታ የሚባለውን የመብት ሰነድ የተቀበለበት። ያ ሰነድ ስለ መብትና ስለ ፍርድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ 33ኛው አንቀጽ ከቴምዝ፣ ከሜድዌይና ከመላው እንግሊዝ ወንዞች የዓሣ ማጥመጃ አጥሮች ይነሱ ይላል። መኳንንቱ ንጉሡን አስጨንቀው ካስቀበሉት ነገር አንዱ ወንዙ እንዳይዘጋ ነበር ማለት ነው። በ1885 ደግሞ በወጣ ሕግ ማንም ሰው፣ ለመዝናናትም ይሁን ለትርፍ፣ በቴምዝ ላይ በጀልባ የማለፍ መብት እንዳለው ተደንግጓል። «ማንም ሰው» ነው የሚለው። ወንድማችን ይህቺን ቢያዩልኝ።

ራኒሚድ ከመድረሳችን በፊት ግን ዊንዘር አለ። እዚያ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወንዙ ሲታጠፍ የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ ከዚያ እስከ ሮምኒ ሎክ ድረስ ከዓይናችሁ አይጠፋም። የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወሰደ፣ በ1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ አረፈ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ግድግዳው ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፣ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፎበታል። ማን ለማን እንደሚለው ግራ ይገባኛል። እናቱ እዚህ ለመምጣት መንገድ ጀምራ መንገድ ላይ ያረፈች፣ አባቱ በገዛ ሽጉጡ የሞተ ልጅ እኮ ነው። በ2023 አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልሷል። እኔ በዚህ መልስ አልረካሁም። ባልደረባዬ ታሪኩን አያውቅም ነበር። ነገርኩት። ሰላሳ ዓመት በዚያ ሥር ሲመላለስ ኖሯል! ለመሳለም የምትሄዱ ካላችሁ ጸሎት ቤቱ እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፣ ለቅዳሴ ለሚመጣ ግን ክፍት ነው፣ ያኔ ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅም።

አሁን ወደ ሞተሯ ልመለስ። «ባለ ሸራ» ሲባል ሸራው ተነፍቶ ፀጉራችን እየበረረ እንዳይመስላችሁ። ከኦክስፎርድ እስከ ለንደን ብዙውን መንገድ ምሰሶው ተኝቶ በሞተር ነው የተጓዝነው። ወንዙ ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ዛፎቹ ነፋሱን ይውጡታል፣ ድልድይ ደግሞ በየቦታው አለ። ምሰሶ አቁሞ፣ ሸራ ሰቅሎ፣ ትንሽ ሄዶ፣ ምሰሶ ማስተኛት ያሰለቻል፣ ወገብም ያማል። ፍጥነቱ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ዳር ላይ ከውሻቸው ጋር የሚሮጡ ሰዎች ቀድመውን ያልፉ ነበር። እኔ ግን አልቸኮልኩም፣ ቆሎዬም ነበረች።

ቴዲንግተን ላይ ሁሉም ነገር ይቀየራል። ከላይ ስትወርዱ የመጨረሻው ትልቅ ሎክ እሱ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ወንዝ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈሳል። ከግድቡ በታች ያለው ግን የባሕሩን ነው የሚሰማው፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ሲሞላ ወንዙ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከባሕሩ በጣም ርቆ፣ ከመሃል ለንደንም በላይ፣ ውሃ ዳገት ሲወጣ ማየት ለሐበሻ ቀላል ነገር አይደለም። ከሎኩ ጥቂት ወረድ ብሎ ዳሩ ላይ የቆመ የድንጋይ ምልክት አለ፣ ከዚያ በላይ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሌላ ነው፣ ከዚያ በታች በ1909 የተቋቋመው የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ነው። ሕጉም ይለያል፣ ሰዓቱም ይለያል።

ሰዓቱን ላስረዳ። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይመጣል። ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ አካባቢ ይበረታል። ለንደን ድልድይ ጋ በዚያን ጊዜ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከፍታ ማለት ነው። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ይለዝባል። ወንዙ ከላይ የራሱን ውሃ ስለሚጨምርበት ደግሞ መጉደሉ ከመሙላቱ ረዘም ይላል። ይህ ሁሉ ከዓመት በፊት በሰንጠረዥ ታትሞ ይወጣል። እኔ የምኖረው በሰንጠረዥ ነው፣ አውቶቡሴ ግን በትራፊክ ይዘገያል፣ ተሳፋሪም ይሰድበኛል። ይሄኛው ሰንጠረዥ አንድም ቀን ሰውን አይጠብቅም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ሙላቱ ቴዲንግተን ሲደርስ ትነሳላችሁ፣ ውሃው መውረድ ሲጀምር አብራችሁት ትወርዳላችሁ፣ ወንዙ ራሱ እየተሸከማችሁ መሃል ለንደን ያደርሳችኋል። አርፍዳችሁ ከተነሳችሁ ግን መንገድ ላይ ውሃው ይዞርባችኋል። ትንሿ ሞተር እየጮኸች አንድ ድልድይ ሥር ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

ከቴዲንግተን ወረድ ብሎ የሪችመንድ ሎክ አለ፣ 45ኛው እሱ ነው፣ እና ከሁሉም ብልሃተኛው እሱ ይመስለኛል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ የድሮው የለንደን ድልድይ ሲፈርስ (እግሮቹ ጥቅጥቅ ከማለታቸው የተነሳ ራሱ እንደ ግድብ ነበር) ጉድለቱ ወደ ላይ በርትቶ ሪችመንድ አካባቢ ወንዙ ጭቃ ብቻ ሆነ። ነዋሪው ጮኸ። በ1894 ከእግረኛ ድልድይ ሥር ወደ ላይ የሚነሱ ትላልቅ የብረት መዝጊያዎች ተሠሩ። ከሙላቱ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት ያህል መዝጊያዎቹ ይነሳሉ፣ ጀልባ በነፃ ያልፋል። ውሃው ሲጎድል ወርደው የተረፈውን ያቆዩታል፣ ያን ጊዜ ማለፍ የፈለገ በጎን ባለው ሎክ ከፍሎ ነው። እኛ በሰዓቱ ደረስን፣ አልከፈልንም። በዓመት አንዴ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ለጥገና ሲባል ለሳምንታት ክፍት ይተዋሉ። ያኔ ውሃው ሲወርድ የወንዙ መሬት ይታያል፣ ሰው ቦት ጫማ አድርጎ ይወርድበታል።

ከዚያ በኋላ ለንደን ነው። ከላይ በአውቶቡስ የማቋርጣቸውን ድልድዮች ከሥር ሳያቸው ጎናቸው ሁሉ አዲስ ነው። ሥራ ግን አለ፣ ዝም ብሎ ማየት የለም። ፓርላማው ጋ መቅረብ የማይፈቀድበት ክልል በቢጫ ተንሳፋፊዎች ታጥሯል። መንገደኛ የሚያመላልሱት ፈጣን ጀልባዎች የሚያስነሱት ሞገድ ግንቡን መትቶ ይመለስና ከሁለት ወገን ያንገላታችኋል። ሻይ አይቀዳም። የድልድዮቹ እግሮች አጠገብ ውሃው ይሽከረከራል፣ ከሩቅ አይታያችሁም፣ ሲይዛችሁ ብቻ ነው የምታውቁት። መሃሉ ተከፍሎ ወደ ላይ የሚነሳው የታወር ብሪጅ ድልድይ ከ9 ሜትር በላይ ምሰሶ ላለው ጀልባ ከ24 ሰዓት በፊት ካሳወቀ በነፃ ይከፈታል። የኛ አጭር ናት፣ አልተከፈተልንም። መኪናው የሚቆመው ለጀልባው ነው፣ ሕጉ ለጀልባው ያደላል። ይህን የሥራ ባልደረቦቼ አይወዱትም። በታኅሣሥ 1952 የ78 ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር አልበርት ጉንተር ድልድዩ ላይ እያለ ሥሩ መነሳት ጀምሮበት ነዳጅ ረግጦ ክፍተቱን ዘሎ ተሻገረ፣ 10 ፓውንድ ተሸለመ። አሥር ፓውንድ! ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ የሚሰጠው ቅጽ መሙያ ነበር።

ስለ ውሃው ንጽሕናም ልበል፣ ብዙዎች ይጠይቁኛልና። በ1957 ይህ ወንዝ ሕይወት የሌለበት ተብሎ ነበር። ዛሬ ዓሣ አለ፣ ከታች በኩል ደግሞ የባሕር ውሻ (ፈረንጆቹ ሲል የሚሉት) በብዛት አለ። ቡናማ የሆነው መልኩ ጭቃው ነው፣ ሙላትና ጉድለቱ ስለሚያማስለው አይጠራም። አትጠጡት ብቻ።

ከግሪንች በኋላ ዉሊች የሚባለው ሰፈር ጋ የቴምዝ የጎርፍ መከላከያ አለ። 520 ሜትር ስፋት ባለው ወንዝ ላይ የቆሙት እንደ ብር ቆብ የሚያበሩ ጣሪያዎች። መዝጊያዎቹ ከወንዙ ሥር ተኝተው ነው የሚውሉት፣ ጀልባ በላያቸው ያልፋል፣ ሲያስፈልግ እየዞሩ ይነሳሉ። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 61 ሜትር ርዝመትና ከ3000 ቶን በላይ ክብደት አላቸው። ይህን ያሠራቸው የ1953ቱ ጎርፍ ነው። በጥር መጨረሻ ሌሊት ማዕበልና ሙላት አንድ ላይ ገጥመው እንግሊዝ ውስጥ 307 ሰው፣ ሆላንድ ውስጥ ከ1800 በላይ ሰው ሞተ። ከ1982 ጀምሮ ከ200 ጊዜ በላይ ተዘግቷል። ለማለፍ በሬዲዮ በ14ኛው መስመር ፈቃድ ይጠየቃል፣ በየትኛው ቀዳዳ እንደምትገቡ ይነግሯችኋል፣ ሸራ ወርዶ በሞተር ነው የሚታለፈው። ባልደረባዬ በሬዲዮ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ካፒቴን ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ወንዙ ይሰፋል፣ ድልድይ ብዙም የለም፣ ምሰሶው ቆመ። ሸራ የሰቀልነው እዚያ ነው፣ እና አዎ፣ ሞተር ሲጠፋና ጀልባዋ ጋደል ብላ በነፋስ ብቻ ስትሄድ ነገሩ ሁሉ የተጻፈለትን ያህል ደስ ይላል። ግን እዚያም ሙላቱ ያዛል። ነፋሱ ከባሕር፣ ውሃው ወደ ባሕር ሲሆን ሁለቱ ተጋጭተው አጭርና ቀጥ ያለ ሞገድ ይነሳል፣ እኔ በዚህ ጊዜ ስለ ሀብታም ጨዋታ ሳይሆን ስለ ሆዴ ነበር የማስበው። ውሃው ሲዞር መልሕቅ ጥለን ዳር ላይ ጠበቅን። ጀልባዋ በሁለት ክንፎቿ ጭቃው ላይ ቆመች፣ ወጥ ሞቀ፣ እንቅልፍም ተኛን።

ግሬቭዘንድ ከተማ ደግሞ ፖካሆንታስ የተቀበረችበት ናት። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ አለቃ ልጅ፣ በ1617 ወደ አገሯ ልትመለስ መርከብ ተሳፍራ ቴምዝን ሳትጨርስ ታማ ያረፈች። የተቀበረችውም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትክክለኛው ቦታ አይታወቅም፣ ሕንፃው በ1727 ተቃጥሏልና። አንዱ ወንዝ ላይ፣ ላይ ዊንዘር ጊዮርጊስ፣ ታች ግሬቭዘንድ ጊዮርጊስ፣ ሁለት ከሩቅ የመጡ ልጆች። ይህን በአንድ ጉዞ የሚያያይዝ ሰው ከኛ ሌላ ማን አለ?

ለወንድማችን ዋናው መልሴ ስለ ገንዘቡ ነው። ያረጀች ትንሽ ጀልባ እዚህ አገር ከመኪና ትረክሳለች፣ አንዳንዴም ውሰድልኝ ብቻ የሚል ባለቤት አለ። የሚያስከፍለው ማሰሪያ ቦታው፣ ፈቃዱና ጥገናው ነው፣ ስለዚህ ለብቻ አትግዙ፣ ለአራት ለአምስት ሆናችሁ ዕቁብ ግቡበት። ከዚያ በፊት ግን የመርከብ ክለብ ፈልጋችሁ ገመድ መያዝ እችላለሁ በሉ። ሁልጊዜ ሰው ይጎድላቸዋል። የሕይወት አድን ጃኬት ያለምንም ድርድር ይለበስ፣ ዋና የምትችሉም ብትሆኑ፣ ምክንያቱም የሚጎድለው ውሃ ሲወስድ የሚወስደው ዋናተኛውንም ነው። ከቴዲንግተን በታች የመጀመሪያ ጊዜያችሁን ከሚያውቅ ሰው ጋር ውረዱ። ሙላቱ የሚደርስበት ሰዓት ሌሊት ከሆነ ቀን ጠብቁ፣ አትቸኩሉ። ቆሎና ቋንጣ ይበቃል፣ እንጀራ ግን በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፣ ድርቆሽ ያዙ።

አክባሪያችሁ
የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከለንደን